እናቷን «እርስዎ» የምትል ልጅ

የማንጠግቦሽ ቀኝ እጅ መቀስ አልይዝ ያለው በጥር፣ በቃና ዘገሊላ ማግስት ነው። መካነ ኢየሱስ ውስጥ ከመናኸሪያው ከፍ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ሃያ ዓመት ልብስ ሰፍታለች። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ የሙሽራ ቀሚስ ትጠልፋለች፤ ዲያቆናትም ቀሚሳቸውን ሌላ ሰው ዘንድ አያሰፉም። ያን ዕለት ጠዋት ሰማያዊ ጨርቅ ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ፣ በጠመኔ አስምራ፣ መቀሷን አነሣች። አውራ ጣቷ አልታጠፍ አላት። በግራ እጇ አሸችው፤ ጎተት ጎተት አደረገችው፤ እንደገና ሞከረች። መቀሱ ከእጇ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ።

«ብርድ ነው» አለችና ቁጭ አለች።

ብርድ አልነበረም። ሳምንት አለፈ፤ እጇ ሽንኩርት መክተፍ እንኳ አቃተው። ባሏ ካሣሁን የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተማሪ ነው። ሆስፒታል ወሰዳት። ደም ሰጠች፤ ራጅ ተነሣች፤ ሐኪሙ ክርኗን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርጎ ነርቩም አጥንቱም ደኅና ነው አላት። ሰባት ቀን ጠበል ተጠመቀች። ጠበሉ እንቅልፏን መለሰላት፤ እጇ ግን እንደዚያው ቀረ።

ነገሩን መጀመሪያ በስሙ የጠራችው ዚነት ናት። ዚነት ገበያው ውስጥ ጨርቅ ትነግዳለች፤ ከማንጠግቦሽ ጋር አሥራ አምስት ዓመት ተዋውቀዋል፤ ነገር መሸፋፈን አይሆንላትም።

«ይኼ እጅሽ የታመመው እናትሽ ከመጡ ወዲህ ነው» አለቻት። «እህትሽ ልትጠይቃቸው ስትመጣ ደግሞ ይብስብሻል።»

«እህቴ ምን አደረገችኝ?» አለች ማንጠግቦሽ እየሳቀች።

«ምንም አላደረገችሽም። ቅናት ነው የያዘሽ።»

ማንጠግቦሽ ሳቋን ቀጠለች። ዚነት ከወጣች በኋላ ግን በሩን ዘግታ ብዙ ጊዜ ቆመች።

የተወለደችው ከአርብ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ መንደር ነው። አባቷ ሲሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከእሷ በታች ገና ጡት ያልተወች ብሩክታዊት የምትባል ሕፃን ነበረች። እናታቸው አመተ ሥላሴ በሬዎቹን ሸጣ፣ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥታ፣ ትልቋን ልጅ መካነ ኢየሱስ ለምትኖር መካን እህቷ ሰጠቻት። ሁለት ቀን በእግር መጥተው፣ በሦስተኛው ቀን እናቲቱ ሕፃኗን አዝላ ተመለሰች። ማንጠግቦሽ ቀረች።

አክስቷ አልበደለቻትም። አስተማረቻት፤ ስፌት አሳየቻት፤ ስትሞትም የስፌት ሱቋን ተወችላት። ማንጠግቦሽ አክስቷን «እማዬ» እያለች ነው ያደገች። የወለደቻት እናቷ በዓመት አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴም በሁለት ዓመት አንዴ ትመጣለች። ስትመጣ እንደ እንግዳ መደብ ይነጠፍላታል፤ ማንጠግቦሽ እግር ታጥባታለች፤ አጎንብሳ «እንደምን ከረሙ?» ትላታለች። ብሩክታዊት ግን ከእናቷ ጉያ አልወጣችም። አድጋ፣ ኮሌጅ ገብታ፣ አርብ ገበያ አስተማሪ ከሆነች በኋላም እናቷን «አንቺ» ትላታለች። ትቆጣታለች፤ ጭኗ ላይ ትተኛለች፤ ከጎድጓዳ ሳህኗ ሳትጠይቅ አንስታ ትጎርሳለች። ማንጠግቦሽ አርባ አንድ ዓመት ሞላት፤ እናቷን አሁንም «እርስዎ» ነው የምትል።

እንግዲህ በመስከረም የእናቲቱን ዓይን ሞራ ያዘው፤ ጉልበቷም ደከመ። ሆስፒታል ይቀርባታል ተብሎ ወደ ትልቋ ልጅ መጣች። ማንጠግቦሽ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። አልጋውን በመስኮቱ በኩል አዞረች፤ አጓቱን ሳይቀር ከገጠር አስመጣች። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት እንደ ሠርግ አለፉ።

ከዚያ ስልኩ መጣ። ብሩክታዊት በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ትደውላለች። ማንጠግቦሽ ቀኑን ሙሉ አብራት ውላ የማትሰማውን ሳቅ ስልኩ በአምስት ደቂቃ ያወጣዋል። እናቲቱ ከስልኩ ጋር ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፤ ድምፅዋ ይቀጥናል፤ «አንቺ ጅል!» እያለች ትሳደባለች። ማንጠግቦሽን ሰድባት አታውቅም። ማንጠግቦሽ ወጥ እያማሰለች ትሰማለች። አንዳንድ ጊዜ ስልኩን ቻርጅ ላይ ማድረግ «ትረሳለች»።

ለጥምቀት ለእናቷ ቀሚስ ሰፋች። ከኅዳር ጀምራ፣ ደንበኛ ሲሸኝ፣ ደረቱ ላይ መስቀል፣ ጫፉ ላይ የወይን ሐረግ ጠለፈችበት። በከተራ ዕለት ብሩክታዊት ከደብረ ታቦር ገበያ የተገዛ ቀሚስ በፌስታል ይዛ መጣች። ነጭ ነው፤ ስስ ነው፤ ጥልፉ በመኪና የተሠራ ነው። እናቲቱ ሁለቱንም በእጇ ዳበሰች።

«የአንቺ ለፋሲካ ይቆየኝ» አለች ለማንጠግቦሽ። «ይኼ ይቀለኛል።»

«ምንም አይደለም፤ ያምርብዎታል» አለች ማንጠግቦሽ፤ ነጠላዋንም ራሷ አስተካከለችላት። በማግስቱ ታቦት ሲገባ ያያት ሁሉ «እንዴት አምሮባቸዋል!» ሲል እናቲቱ «ብሩክቲ ገዝታልኝ ነው» ትላለች። አሥር ጊዜ አለች። ማንጠግቦሽ ቆጥራዋለች። እጇ እምቢ ያላት ሁለት ቀን ቆይቶ ነው።

ሐኪሙ በመጨረሻ ከግቢው ዳር ወዳለ ክፍል ላካት። በሩ ላይ «የአእምሮ ጤና» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ማንጠግቦሽ ወረቀቱን አንብባ ወደ ካሣሁን ዞረች።

«አብጄ ነው እንዴ?»

«ብታብጂ ኖሮ አትጠይቂኝም ነበር» አላት፤ በሩንም አንኳኳላት።

ውስጥ የጠበቀቻት ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ የያዘች ሴት ናት። ስሟ ፀደይ ነው፤ የደብረ ታቦር ልጅ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ። በየሳምንቱ ለአስተማሪዋ ስልክ እየደወለች የምትማረውን አዲስ ዓይነት የንግግር ሕክምና እዚያ ክፍል ውስጥ መሥራት ከጀመረች ገና ዓመቷ ነው። ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አድርጋለች፤ በመካከላቸው ጠረጴዛ የለም።

«ሲስተር፣ እጄን ነው ያመመኝ» አለች ማንጠግቦሽ።

«ፀደይ ይበሉኝ። እጅዎን አውቃለሁ፤ ውጤቱን አንብቤዋለሁ።» ወንበሯን ትንሽ ቀረብ አደረገች። «አስቀድሜ ልንገርዎት። እዚህ ዝም ብዬ አልሰማዎትም፤ ምክርም አልሰጥዎትም። አቋርጥዎታለሁ። ስሜትዎ ሊመጣ ሲል የሚሸሽበትን መንገድ ሳይ እነግርዎታለሁ። አንዳንዴ ያናድድዎታል። በሳምንት አንድ ቀን፣ አሥራ አምስት ጊዜ እንገናኝ። አብረን እንሞክር?»

«እሺ» አለች ማንጠግቦሽ፤ ግን እሺ ያለችው ቶሎ ለመውጣት ነው።

«እጅዎ ከመታመሙ በፊት የሆነውን ይንገሩኝ።»

የቀሚሱን ነገር ነገረቻት። እንደ ቀልድ ነገረቻት፤ ሳቀችም።

«እየሳቁ ነው የሚነግሩኝ። ምን ተሰማዎት?»

«ምንም። እሷም ልጃቸው ናት።»

«ይኼ ሐሳብ ነው። እኔ የጠየቅሁዎት ስሜቱን ነው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ጎደለብኝ? ቤት አለኝ፤ ባል አለኝ...»

«ምስጋናው መልካም ነው። ግን ከጥያቄዬ ሸሹ። አሁን እጆችዎን ይመልከቱ።»

ማንጠግቦሽ ቁልቁል አየች። ግራ እጇ ቀኝ እጇን አንጓው ላይ ጨምድዶ ይዞታል፤ ጣቶቿ ደም አጥተው ነጥተዋል። ሌላ ሰው የያዛት ይመስል ደነገጠች።

«ግራው ቀኙን ምን እንዳያደርግ ነው የያዘው?» አለች ፀደይ።

ማንጠግቦሽ ተነሥታ ወጣች። ቤቷ እስክትደርስ በውስጧ ፀደይን ስትሰድብ ሄደች። ይቺ ትናንት የተወለደች፣ ይቺ ነገረኛ። በሚቀጥለው ሐሙስ አልሄድም አለች።

«ካልሽ ይቅር» አላት ካሣሁን። «ግን በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ ተቆጣሽኝ። ከተጋባን እንዲህ አድርገሽ አታውቂም።»

«ታዲያ ይኼ መዳን ነው?»

«እኔንጃ። እኔ ግን ደስ ብሎኛል።»

ሄደች። ሦስተኛው ሐሙስ ላይ ቃሉ ወጣ። ፀደይ በምትሸሽበት መንገድ ሁሉ እየቆመች ትጠብቃታለች፤ ስታቃስት «አሁን ምን መጣ?» ትላታለች፤ ወደ መስኮቱ ስታይ «የት ሄዱብኝ?» ትላታለች፤ «ክፉ ሰው ሆኜ ነው» ስትል ደግሞ «እህትዎ ላይ የመጣውን ወደ ራስዎ አዞሩት፤ ተመልሰን እንየው» ትላታለች። ማንጠግቦሽ የምትሸሽበት ቀዳዳ አለቀባት።

«ቀናሁ!» አለች ጮክ ብላ። «ቀናሁ፤ ይኸው! እንደ ቃየል ቀናሁ! አሁን ደስ አለሽ?»

«ቅናቱ ሰውነትዎ ውስጥ የት ነው ያለው?»

ሞኝ ጥያቄ መሰላት። ቢሆንም አዳመጠችው። ከእምብርቷ በታች እንደ ፍም ነገር አለ፤ ወደ ደረቷ ይወጣል፤ ከትከሻዋ ወደ ክንዷ ይወርዳል።

«ክንድዎ ምን ማድረግ ይፈልጋል? በሐሳብ ነው፤ ማንም አይጎዳም።»

«መቅደድ።»

«ምኑን?»

«ቀሚሱን። ከአንገቱ እስከ ጫፉ።» ይህን ስትል ቀኝ እጇ ከጭኗ ላይ ተነሥቶ ነበር፤ አውራ ጣቷም ከሌሎቹ ጣቶች ጋር ገጥሟል። ሁለቱም አዩት። ማንጠግቦሽ ባየችው ጊዜ እጇ እንደ ጨርቅ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ሐሙስን መናፈቅ ጀመረች። ረቡዕ ፀጉሯን ትሠራለች። ለፀደይ የምትነግረውን ሳምንቱን ሙሉ ታጠራቅማለች፤ ዚነት ስትመጣ እንኳ «ይኼን ለፀደይ እነግራታለሁ» ብላ አፏን ትይዛለች። እንዲህ ዓይንን አይቶ፣ አንዲት ቃሏን ሳይጥል የሰማት ሰው አልነበረም። እጇም ይሻላታል፤ መርፌ መያዝ ጀምራለች። ሌሎች ታማሚዎች መኖራቸውን ታውቃለች፤ አስባው ግን አታውቅም።

በሚያዝያ ፀደይ ቤተሰቧን ልትጠይቅ ደብረ ታቦር ሄደች፤ በዚያው መንገድ ተዘጋ። ስልክም አይሠራም። አንድ ሐሙስ አለፈ፤ ሁለተኛው አለፈ። ማንጠግቦሽ ሁለቱንም ሐሙስ ሄዳ የተቆለፈውን በር አይታ ተመለሰች። በሦስተኛው ሰዓቷ ሳይደርስ ሄደች። በሩ ክፍት ነው። ከውስጥ ሳቅ ይሰማል። ከዚያ ብሩክታዊትን የምታክል፣ ቀይ፣ ቀጠን ያለች ልጅ ወጣች፤ ፀደይ እስከ ደረጃው ሸኘቻት፤ እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ «በርቺ እሺ?» አለቻት። «አንቺ» ነው ያለቻት።

ማንጠግቦሽ ገብታ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ከጭኗ ላይ አላወረደችም።

«እንደምን ሰነበቱ?» አለች። «መንገዱ አስቸግሮዎት እንደሆነ ሰምቻለሁ። ደኅና ገቡ?»

ፀደይ ቀና ብላ አየቻት። «ዛሬ ‹እርስዎ› አሉኝ።»

«አክብሬ ነው።»

«እስከ ዛሬ ‹አንቺ› ነበር የሚሉኝ። ሁለት ሳምንት ጠፍቼ ስመጣ ‹እርስዎ› ሆንኩ። ሌላ ማንን ነው ‹እርስዎ› የሚሉት?»

ማንጠግቦሽ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «የወለደችኝን» አለች።

«አሁን እኔ ላይ ምን ይሰማዎታል?»

«ምንም። አንቺ ምን አደረግሽ? መንገድ ነው የተዘጋው።»

«መንገዱ መዘጋቱን ጭንቅላትዎ ያውቃል። ደረትዎስ? ትንፋሽዎ ተቆርጧል። ቦርሳውን አንቀው ይዘዋል። እዚህ ሁለታችን ብቻ ነን፤ ይንገሩኝ።»

«ትተሽኝ ሄድሽ!» አለች ማንጠግቦሽ፤ ድምፅዋ የሷ አልመስል አላት። «ትተሽኝ ሄደሽ፣ ስትመጪ ደግሞ ከዚያች ጋር ትስቂያለሽ! እኔ እዚህ በር ላይ ስቆም! ከእኔ ጋር ስቀሽ ታውቂያለሽ? ትከሻዬን ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

ፀደይ አልተከላከለችም፤ ይቅርታም አልጠየቀች። «ቁጣው በሙሉ ቢወጣ፣ በሐሳብዎ፣ በዚህ ክፍል ምን ያደርጋል?»

«ያቺን ልጅ ያወጣታል። በእጄ... በዚህ በቀኙ እጄ ገፍትሬ...» ቆመች።

«ወደቀች። ይመልከቷት። ፊቷ ምን ይመስላል?»

ማንጠግቦሽ ዓይኗን ጨፈነች። ወለሉ ላይ ያየችው ግን የቀይዋን ልጅ ፊት አልነበረም። ሕፃን ነበረች። ቅንድቧ ላይ ደም ነበር።

ከዚያ ከሆዷ የወጣው ልቅሶ ኮሪደር ላይ ለተቀመጡት ሁሉ ተሰማ። ፀደይ ወንበሯን አስጠግታ ጠበቀች። ልቅሶው ጋብ ሲል ማንጠግቦሽ ሠላሳ አምስት ዓመት ለማንም ያልነገረችውን ነገረቻት። እናቷ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ሕፃኗን መደቡ ላይ አስተኝታ «በእጅሽ ያዣት» ብላት ነበር። ያዘቻት። አባቷ ከሞተ ወዲህ እናቷ ለእሷ ጊዜ አልነበራትም፤ የእሷ የነበረው አንቀልባ፣ የእሷ የነበረው ጉያ ሁሉ የዚህች ሆኗል። ሕፃኗ ተገላበጠች። ማንጠግቦሽ እጇን አነሣች። አልገፋቻትም፤ እጇን ብቻ አነሣች። ሕፃኗ የምድጃው ድንጋይ ላይ ወደቀች። ከወር በኋላ ማንጠግቦሽን መካነ ኢየሱስ አምጥተው ተዋት።

«እናቴ አውቃ ነው የጣለችኝ» አለች። «እጄን አይታለች።»

«አይታ ነበር?»

«እኔንጃ። ያየች ይመስለኝ ነበር።»

«የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ» አለች ፀደይ በቀስታ። «ተቆጥተው ነበር፤ ደግሞ ሕፃኗን ይወዷት ነበር። ባይወዷት ይኼን ያህል አያለቅሱም።»

ማንጠግቦሽ ራሷን ነቀነቀች። ብሩክታዊት ዳዴ ስትል እንኳ አላየቻትም። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ናፈቀቻት።

ቤት ስትደርስ እናቷ በረንዳው ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ማንጠግቦሽ አጠገቧ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ስንት ቀን አስባ፣ ቃል መርጣ ልትጠይቃት ነበር፤ ግን አፏ ቀደማት።

«ለምን ሰጠሽኝ?»

እናቲቱ ያንን «ሽ» ሰማችው። ሞራ የያዘው ዓይኗ ወደ ድምፁ ዞረ።

«ማንን ልስጥ ኖሯል? ጡት የምትጠባውን? ሁለታችሁን አንድ ላይ ላስርባችሁ?»

«ብሩክታዊትን ስለጣልኳት አይደለም?»

«መቼ ጣልሻት?»

«ከመደቡ። ቅንድቧ የተተረተረ ጊዜ።»

እናቲቱ ብዙ አሰበች። «ወድቃ ነበር እንዴ?» አለች። «ልጅ ስንት ጊዜ ይወድቃል! እኔ አላስታውሰውም። አንቺን ለአክስትሽ በቃል የሰጠሁሽ አባትሽ አርባው ሳይወጣ ነው። ፈርተሽ እንዳትጠፊ ብዬ አልነገርኩሽም።»

ማንጠግቦሽ ትሳቅ ወይስ ትቆጣ ጠፋት። ያ ሁሉ ዓመት የተሸከመችውን እናቷ ረስታዋለች።

«አለቀስሽልኝ?»

«እህቴ ፊት እንዴት አለቅሳለሁ? የሰጡትን ልጅ አልቅሰው ያበላሻሉ?» እናቲቱ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «በመንገዴ ስማዳ ስደርስ ወተቴ ደረቀ። ያቺ ልጅ ስትጮኽ ውላ ስትጮኽ አደረች። በላም ወተት ነው ያደገችው። ለእሷም አልነገርኳት። ለማን ይነገራል?»

ማንጠግቦሽ ራሷን ወደ እናቷ ጉልበት አላስጠጋችም፤ እንዲህ በአንድ ቀን የሚሆን ነገር አልነበረም። ግን ጀንበሯ እስክታዘቀዝቅ እዚያው ተቀመጠች፤ ደንበኛዋ ሁለት ጊዜ መጥቶ ተመለሰ።

ከእህቷ ጋር የነበረው ነገር ግን በጎ አልሆነም። ብሩክታዊት በሰኔ ስትመጣ ማንጠግቦሽ ሱቅ ውስጥ አስቀምጣ ሁሉን ነገረቻት፤ እጇን እንዳነሣችም፣ ዕድሜ ልኳን እንደቀናችባትም። ብሩክታዊት ጣቷን ቅንድቧ ላይ ወዳለው ጠባሳ ሰደደች።

«ይኼን አሁን ለምን ትነግሪኛለሽ?» አለች። «አንቺ እንዲቀልሽ ነው? እኔስ ምን ላድርገው?»

«ምንም እንድታደርጊው አይደለም።»

«እኔ እኮ ታላቅ እህቴ ከተሜ ናት እያልኩ ነው ያደግሁት። አንቺ ጫማ ስታደርጊ እኔ በባዶ እግሬ ነበርኩ። የእማዬን ዕዳ፣ የእማዬን በሽታ፣ የእማዬን ኩርፊያ ብቻዬን ነው የተሸከምኩት።» ተነሣች። ምሳ ሳትበላ ወደ አርብ ገበያ ተመለሰች።

ማንጠግቦሽ በሚቀጥለው ሐሙስ ይህንን ለፀደይ ስትነግራት «አበላሸሁት» አለች። ፀደይ «አበላሹት ወይስ ተቆጣችዎት?» አለቻት። ሁለቱ ለየቅል መሆናቸውን ማንጠግቦሽ አስባው አታውቅም። ቀጠሯቸው አሥራ አምስት ሳይሆን አሥራ ሰባት ሆነ። በመጨረሻው ቀን ማንጠግቦሽ በርበሬ ይዛ መጣች፤ ፀደይም ሳቀች። «ከእኔ በኋላ እዚህ ወንበር ላይ በምትቀመጠው ከአሁኑ ቀንቻለሁ» አለቻት ማንጠግቦሽ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ ትቀመጥ።»

እጇ ቀስ እያለ ተመለሰ። ወፍራም ጨርቅ ሲሆን አሁንም ይደክማታል። ከዚያ ታሪክ ጋር ይያያዝ፣ አይያያዝ፣ ማንጠግቦሽ አትምልበትም፤ ዚነት ግን ትምላለች።

ብሩክታዊት አምስት ሳምንት ለእህቷ አልደወለችም፤ ለእናቷ ብቻ ትደውል ነበር። በሐምሌ መጨረሻ የእናታቸው ዓይን ሞራ በደብረ ታቦር በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ቀጠሮ ተያዘ። የሄዱበት አውቶቡስ ከመካነ ኢየሱስ ሲነሣ ብሩክታዊት በዋዜማው መጥታ ስለነበር ሦስቱም አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እናቲቱ መካከል። ዝናብ ነበር፤ መስኮቱ በጭጋግ ተሸፍኗል። እህትማማቾቹ ስለ ጉዞው፣ ስለ ቀጠሮው፣ ስለ ጤፉ ዋጋ ተነጋገሩ እንጂ ስለዚያ ነገር አልተነጋገሩም። ትንሽ እንደሄዱ እናቲቱ አንቀላፋች፤ ራሷም ቀስ ብሎ ወደ ብሩክታዊት ትከሻ ዘነበለ።

ማንጠግቦሽ ፍሙ ከሆዷ ሲነሣ ተሰማት። ያው የድሮው ነው። ደረቷ ደረሰ። ዝም ልትል ነበር፤ ፈገግ ልትል ነበር።

«ብሩክታዊት» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ምን?»

«ቀናሁብሽ።»

ብሩክታዊት ዞር ብላ አየቻት። ፊቷ ለጥቂት ጊዜ አልለየለትም። ከዚያ በአፍንጫዋ ሳቅ አለች።

«ከባድ ናቸው እኮ» አለች፤ በእህቷ አነጋገር እናቷን «ናቸው» አለች። «ትከሻዬ አልቋል። ቦታ እንቀያየር?»

«ተያት፤ ትነቃለች» አለች ማንጠግቦሽ። የእናቷን እግር ከብርዱ ለመሸፈን የጋቢውን ጫፍ ወደ ታች ሳበችው። አውቶቡሱ ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል።